ፓምፑ ታሟል በል

(የማንሻ ቤት። ሥራ ካቆመ ዓመታት ያለፉት የዩራኒየም ማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ የተሠራች፣ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት። መሐሏ ላይ የብረት ገመድ የተጠቀለለበት ትልቅ ማሽን፣ ግድግዳዋ ላይ ስልክ፣ ከዚያ ውጭ አንድ ወንበርና አንድ የተደፋ ባልዲ አሉ። ወንበሩ ላይ ካቢኑን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደውና የሚያወጣው የማንሻው ነጂ ተቀምጧል። ሁሉን ስለሚያውቅ ሳይሆን ስለ ሁሉ ስለሚናገር «ሊቁ» ይሉታል። ባልዲው ላይ የእህቱ ባል፣ ታች ያለውን የውሃ ፓምፕ የሚጠብቀው ሰው ተቀምጧል፤ እሱን ደግሞ «ዝግታ» ይሉታል። ከግቢው በር የተነቀለ ሰሌዳ ጭኑ ላይ አጋድሞ የደበዘዙትን ፊደሎች በቀለም ያድሳል።)

ሊቁ፦ «ለጊዜው» የምትለዋን ዝለላት አልኩህ።

ዝግታ፦ ከዘለልኳት «ተዘግቷል» ብቻ ይቀራል።

ሊቁ፦ ይቅራ። እውነቱ እሱ ነው።

ዝግታ፦ ሰው መጥቶ ቢያነበው ደንግጦ ይመለሳል።

ሊቁ፦ ማን ነው የሚመጣው? በዚህ መንገድ ካንተና ከእኔ ሌላ የሚመላለስ ነፋስ ብቻ ነው።

ዝግታ፦ እህትዎም ምሳ ይዛ ትመጣለች።

ሊቁ፦ እሷ ሰሌዳ አያስፈልጋትም። መዘጋቱን ካንተ በፊት ነው የሰማችው።

ዝግታ፦ (ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ) «ለጊዜ» ድረስ ጽፌያለሁ። «ው»ዋ ብቻ ናት የቀረችው። «ለጊዜ ተዘግቷል» ቢባል ትርጉም ይሰጣል?

ሊቁ፦ አይሰጥም።

ዝግታ፦ እንግዲያው «ው»ዋን ላስገባት።

ሊቁ፦ አስገባት። ቀለም ነው የሚያልቅብህ እንጂ የሚከፈት ነገር የለም።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?

ሊቁ፦ ጠይቅ። እኔ እዚህ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?

ዝግታ፦ ድንጋዩ ታች አለ። እኛ ላይ አለን። ማንሻው ይሠራል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሊቁ፦ ገበያ። ገበያው ወርዷል።

ዝግታ፦ እስከ የት?

ሊቁ፦ በጣም ነው የወረደው።

ዝግታ፦ ከሦስተኛው ወለል በታች ከወረደ ግን ውሃ ውስጥ ነው። እኔ ፓምፕ ያለኝ እስከ ሦስተኛው ነው።

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ የወረደው ዋጋው ነው። ስማኝ። ይህ ድንጋይ ምን ይሆናል? መብራት ያመነጫል። መብራት የሚያመነጩት አገሮች አንድ ቀን አደጋ አይተው ፈሩና ግማሹን ጣቢያ ዘጉት። የገዙት ድንጋይ መጋዘን ሞልቶ ተረፈ። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ከድንጋዩ የሚገኘው ገንዘብ ድንጋዩን ለማውጣት ከሚወጣው አነሰ። የኛ ባለቤቶች ምን አሉ? አንከፍተውም፣ አንዘጋውምም፤ ዋጋው ሲነሣ ወዲያው እንድንጀምር ዝግጁ ሆኖ ይቆይ አሉ። ይህ በቢሮ ቋንቋ «ተጠባባቂ» ይባላል።

ዝግታ፦ ተጠባባቂ ኃላፊ እንደሚባለው?

ሊቁ፦ እንደዚያ በለው።

ዝግታ፦ ተጠባባቂ ኃላፊ እኮ ከዋናው የባሰ ነው። ስብሰባ ያበዛል።

ሊቁ፦ ማዕድን ስብሰባ አይጠራም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ዝግታ፦ ዋጋው እስኪነሣ።

ሊቁ፦ ዋጋው እስኪነሣ።

ዝግታ፦ ማን ነው የሚያነሣው? ማንሻው ያለው እርስዎ ጋ አይደል?

ሊቁ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል) እህቴ አንተን ስታገባ እኔ የት ነበርኩ?

ዝግታ፦ እዚሁ ነበሩ። ለሽምግልና የተቀመጡትም እርስዎ ነዎት። «ልጁ ቀስ ይላል እንጂ ይደርሳል» ብለው ነበር።

ሊቁ፦ ገና እየጠበቅኩህ ነው።

ዝግታ፦ ማራገቢያውስ? ማንም በሌለበት ጉድጓድ አየር የሚነፋው ለማን ነው?

ሊቁ፦ ለአንተ ነዋ። ዩራኒየም ያለበት ዐለት መጥፎ ጋዝ ያወጣል። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ይጠራቀማል፤ አንተ ደግሞ በየቀኑ ትወርዳለህ።

ዝግታ፦ እህትዎ ይህን ነገር ሰምታ መብራት አጥፍታ አየችኝ።

ሊቁ፦ ለምን?

ዝግታ፦ አበራ እንደሁ ብላ።

ሊቁ፦ እሺ፣ ምን አለች?

ዝግታ፦ «አታበራም» አለችኝ። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። መብራት እንቆጥብበት ነበር።

ሊቁ፦ ለማንኛውም በባዶ ነው የምንደክመው። ይህ ማዕድን ሞቷል። ገበያው አይነሣም።

ዝግታ፦ ለባለቤትዎ ግን በስልክ «በቅርቡ ይከፈታል» ሲሏት ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ የሰው ስልክ ታዳምጣለህ?

ዝግታ፦ ያለችን አንዲት ክፍል ናት። እርስዎ ደግሞ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

ሊቁ፦ እሷ ልጆቹን ይዛ ከተማ ናት፤ የሚያስፈልጋት ተስፋ ነው። አንተ እዚህ ነህ፤ የሚያስፈልግህ እውነት ነው።

ዝግታ፦ አንዳንድ ቀን ብንቀያየርስ?

(ስልኩ ይጮኻል። ሁለቱም ስልኩን ያያሉ። ሊቁ ተነሥቶ ኮቱን አስተካክሎ ያነሣዋል።)

ሊቁ፦ (ድምፁን አወፍሮ) ሃሎ፣ የማንሻ ቤት። ... አዎ፣ እኔው ነኝ። ... እንደምን አሉ ኃላፊ። ... ማሽኖቹ? ... ሁሉም ማሽኖች? ... አሃ። ... ለየብቻ? እሱ እንኳ ከንግግር ጋር ብዙም አይዋደድም፤ እኔ ለሁለታችንም ብመልስልዎ— ... እሺ። ... እሺ፣ ከሱ ይጀምሩ። ... ትንሽ ቆይተው። እሺ። እሺ፣ እንጠብቃለን።

(ስልኩን ሰቅሎ ግድግዳውን እያየ ይቆማል።)

ዝግታ፦ ማን ናቸው?

ሊቁ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት። የማዕድን ክፍል ኃላፊዋ ራሷ ናት። አሁን መልሳ ትደውላለች።

ዝግታ፦ ምን ፈለጉ?

ሊቁ፦ ማሽኖቹ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው፣ ክፈቱ ብትባሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባችኋል አለች። ይህንን ከየባለማሽኑ አፍ መስማት ትፈልጋለች። መጀመሪያ አንተን።

ዝግታ፦ ጥሩ ነዋ። ደህና ናቸው እንላቸዋለን።

ሊቁ፦ ይኸው። ይህንን ነው የምፈራው። ቁጭ በል።

ዝግታ፦ ተቀምጫለሁ።

ሊቁ፦ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ቢሮ «እንዴት ናችሁ» ብሎ ሲጠይቅ ናፍቆህ አይደለም። ደህና ነን ካልካት ምን ትላለች? «ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ሁለት ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» ትላለች።

ዝግታ፦ እውነታቸውን ነው። አንዳንዴ እኔም እጠይቃለሁ።

ሊቁ፦ ስትጠይቅ አትስማ። ቀጥላ «አንዱ ይበቃል» ትላለች። ታሟል ካልናት ግን ምን ታደርጋለች? የታመመ ማሽን አስታማሚ ይፈልጋል። አስታማሚ ደግሞ አይባረርም፤ እንዲያውም ይጨመርለታል።

ዝግታ፦ (ብሩሹን አስቀምጦ) አንድ ሰው ይቀነስ ቢባል የሚቀነሰው ማን ነው?

ሊቁ፦ እሱን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ዝግታ፦ ፓምፑን ማቆም አይቻልም። ቢቆም ውሃው ይወጣል፤ ሁለተኛውን ወለል ይውጣል፣ አንደኛውን ይውጣል፣ ከዚያ ገበያው ቢነሣም ጉድጓዱ ኩሬ ነው። ስለዚህ እኔ አልቀነስም ማለት ነው።

(ሊቁ ከማሽኑ ላይ የሌለ አቧራ ይጠርጋል።)

ዝግታ፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ ምን።

ዝግታ፦ እርስዎ ከሌሉ እኔ ታች በምን እወርዳለሁ?

ሊቁ፦ በመሰላል።

ዝግታ፦ ካቢኑ ሲታደስ በመሰላል የወረድኩ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሽማግሌ ነው የተራመድኩት። እህትዎ ትመስክር። ያለ እርስዎ አይሆንም።

ሊቁ፦ (ለስለስ ብሎ) ይህን ለሷ ብትነግራት አታምንህም። ቢሮ የሚያምነው በሽታ ብቻ ነው። እንለማመድ። እኔ ኃላፊዋ ነኝ፤ አንተ ደግሞ አንተው ነህ።

ዝግታ፦ እኔ እኔ ነኝ። ይህ አይከብድም።

ሊቁ፦ (ድምፁን አቅጥኖ) ሃሎ፣ እንደምን አሉ?

ዝግታ፦ ደህና፣ ይመስገነው። ጋሼ፣ ድምፅዎን ምን ነካው?

ሊቁ፦ ኃላፊዋ ነኝ አልኩህ እኮ።

ዝግታ፦ ይቅርታ እትዬ።

ሊቁ፦ እትዬ አትበላት፤ ዘመድህ አይደለችም። «ኃላፊ» በላት።

ዝግታ፦ ይቅርታ ኃላፊ። ጋሼ አጠገቤ ናቸው፤ ላቅርብልዎ?

ሊቁ፦ ጋሼ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ጋሼ አሁን ሴትዮ ነው። ፓምፑ እንዴት ነው?

ዝግታ፦ ደህና ነው።

ሊቁ፦ ታሟል።

ዝግታ፦ (ደንግጦ ይነሣል) መቼ? ጠዋት ደህና ነበር እኮ።

ሊቁ፦ ቁጭ በል። አልታመመም። ታሟል በል ነው የምልህ።

ዝግታ፦ እንደሱ ይበሉኛ። (ይቀመጣል) ታሟል።

ሊቁ፦ ምኑን ነው ያመመው?

ዝግታ፦ እ... ሆዱን።

ሊቁ፦ ፓምፕ ሆድ አለው?

ዝግታ፦ እኔ ምን ላድርግ፤ እርስዎ ነዎት ታሟል ያሉት።

ሊቁ፦ ያስለዋል በላት። ውሃውን ሲስብ ይቆራረጣል ለማለት ነው። ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ከተሠራ ጀምሮም አልተቀየረም በላት።

ዝግታ፦ ኩሽኔታውን ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ያቀበሉኝ እርስዎ ነዎት።

ሊቁ፦ አልቀየርከውም።

ዝግታ፦ አሮጌው ታዲያ ከየት መጣ? እህትዎ የበር ማስደገፊያ አድርጋዋለች። ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይደግፋል።

ሊቁ፦ ኃላፊዋ የእህቴን በር አታይም።

ዝግታ፦ አሮጌው ኩሽኔታ በር ላይ ነው፣ አዲሱ አልተቀየረም፣ ፓምፑ ያስለዋል። ያዝኩ።

ሊቁ፦ በሩን ተወው። ስለ ማንሻው ከጠየቀችህ ደግሞ «እሱማ ባሰበት» በላት። ዝርዝሩን እኔ እነግራታለሁ። መጨረሻ ላይ «ሁለት ሰው ይጨመርልን» ትላለህ።

ዝግታ፦ ሁለት ለምን? አንድ አይበቃም?

ሊቁ፦ ሁለት ስትጠይቅ ነው ያለውን የማይቀንሱብህ።

ዝግታ፦ እኔ ስዋሽ እህትዎ ወዲያው ታውቅብኛለች። ጆሮዬ ይቀላል።

ሊቁ፦ በስልክ ጆሮ አይታይም። በል፣ ከመጀመሪያው። ፓምፑ እንዴት ነው?

ዝግታ፦ ያስለዋል።

ሊቁ፦ ጎሽ። ማንሻውስ?

ዝግታ፦ እሱማ ባሰበት።

ሊቁ፦ ጎሽ። ሌላ የምትፈልጉት ነገር አለ?

ዝግታ፦ ቀለም። አንድ ጣሳ ቀለም ቢላክልን።

ሊቁ፦ ሁለት ሰው።

ዝግታ፦ ሁለት ሰውና አንድ ጣሳ ቀለም።

(ስልኩ ይጮኻል። ሊቁ ዝግታን ከባልዲው አንሥቶ ስልኩ ዘንድ ያቆመዋል። ራሱም ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ይቆማል።)

ዝግታ፦ ሃሎ። ... አዎ፣ የፓምፑ ነኝ። ... ዝግታ ይሉኛል፤ እርስዎም ቢሉኝ ቅር አይለኝም። ... እኔ ደህና ነኝ። ፓምፑ ነው የታመመው።

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ጎሽ።

ዝግታ፦ ጎሽ። ... አይ፣ ለርስዎ አይደለም። ... ያስለዋል። ... አዎ፣ ፓምፑን። ... ኩሽኔታው ይጮኻል፤ ከተሠራ ጀምሮ አልተቀየረም። ... አሮጌው? አሮጌው እኛ ቤት በር ላይ ነው።

(ሊቁ በሁለት እጁ ራሱን ይይዛል።)

ዝግታ፦ ... ማንሻው? እሱማ ባሰበት። ... ምን እንደሆነ? (ስልኩን ሳይሸፍን) ጋሼ፣ ማንሻው ምን ሆነ እንበል?

(ሊቁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።)

ዝግታ፦ ዝም ብሏል ይላሉ። ... እንዲህ የሚሉት? የማንሻው ነጂ ናቸው፤ የባለቤቴ ወንድም። ... አዎ፣ እዚሁ ናቸው። እስከ አሁን ጆሯቸው ከጆሮዬ ጋር ነበር፤ አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ... እሺ፣ እመልስልዎታለሁ፤ አንዲት ነገር ብቻ ስለቀረችኝ እሷን ልጨርስ። ሁለት ሰው ይጨመርልን። ... በቃ፣ አለቀ። ... አንድ ጣሳ ቀለምም ቢላክልን፤ እሱ ግን የራሴ ሐሳብ ነው፤ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

(ያዳምጣል። ሊቁ ቀስ ብሎ ባልዲው ላይ ይቀመጣል።)

ዝግታ፦ እውነቱን? ... እውነቱንማ ከሆነ መስኮቱን ልክፈትልዎ። (የስልኩን ገመድ ጎትቶ መስኮቱን ይከፍታል፤ ስልኩን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ከጉድጓዱ በኩል የውሃው ቧንቧ የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል።) ሰሙት? ከታች የሚወጣው ውሃ ነው። ... አይቆራረጥም፤ ተቆራርጦም አያውቅም። ... ከሦስተኛው ወለል አላለፈም። ... ማራገቢያው ይሠራል። ... ማንሻው? ጋሼ ጠዋት ጠዋት ባዶ ካቢን አውርደው ያወጣሉ። ገመዱን ግሪስ የሚቀቡት በእጃቸው ነው። እኔ ልቀባ ብል ብሩሹን አይሰጡኝም፤ አንተ ትቸኩላለህ ይሉኛል። እኔን። ... አንድ ቀን የማንሻው ድምፅ ትንሽ ቢለወጥባቸው ምሳ አይበሉም፤ እህታቸው ትመስክር። ... ክፈቱ ቢባል? የሚጎድለን ሰው ብቻ ነው። ሌላው አለ።

(ሊቁ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ መልሶ ያቀረቅራል።)

ዝግታ፦ ... እ። ... ሁለት? ... እነሱም? ... እንዲህ አሉ? ... ልክ እንደዚሁ? ... ለካ ለዚያ ነው የሳቁት። ... እሺ። ... እነግራቸዋለሁ። እሺ እትዬ። (ይሰቅለዋል። ትንሽ አስቦ) ኃላፊ ማለት ነበረብኝ።

ሊቁ፦ ጨረስከን።

ዝግታ፦ ጋሼ—

ሊቁ፦ ዝም በል። በአንዲት ስልክ ሁለት ቤት አፈረስክ። «ጋሼ፣ ማንሻው ምን ሆነ እንበል?» እንዲህ ያለ ነገር በሰው ጆሮ ላይ ይባላል?

ዝግታ፦ ዝርዝሩን እርስዎ እነግራታለሁ ስላሉ ነው።

ሊቁ፦ አሁን ምን እንደምትጽፍ ቃል በቃል ልንገርህ። «ስላገለገላችሁን እናመሰግናለን።» ደብዳቤው የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ያመሰገኑህ ዕለት አለቀልህ።

ዝግታ፦ እሳቸው እንኳ ያሉት—

ሊቁ፦ ያለችውን አውቀዋለሁ። እህቴን ምን እላታለሁ? ጓዳውን በገዛ እጇ ለስና ገና እንኳ አልደረቀም። ለባለቤቴስ? «በቅርቡ ይከፈታል» ስላት ኖሬ በቅርቡ መጣሁልሽ ልበላት? ከተማ ገብቼ ምን እነዳለሁ? የፎቅ ሊፍት? የፎቅ ሊፍት እኮ ነጂ የለውም። ሰዉ ራሱ ነው የሚጫነው።

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ልናገር?

ሊቁ፦ አንተ ተናግረህ ጨርሰሃል።

ዝግታ፦ የኔን አይደለም። የሳቸውን ነው።

ሊቁ፦ (በእጁ) በል። መቼ ውጡ አለች?

ዝግታ፦ ውጡ አላሉም። የተኙት ማዕድኖች ሁለት ናቸው አሉ፤ የኛና ከተራራው ወዲያ ያለው።

ሊቁ፦ እሱን አውቃለሁ።

ዝግታ፦ ገበያው ቶሎ የሚነሣ ስላልመሰላቸው ሁለቱንም ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ከብዷቸዋል። አንዱን ያቆዩታል። የሌላውን ፓምፕ ያቆሙና ውሃ ይሞላዋል።

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ) የሚያቆዩት የቱን ነው?

ዝግታ፦ ቶሎ መከፈት የሚችለውን።



ሊቁ፦ እንግዲህ ታሟል ብለን ቢሆን...

ዝግታ፦ ውሃ ሊሞላው ይችል ነበር።

ሊቁ፦ አንተ አልታመመም ስላልክ...

ዝግታ፦ የኛው ይቆያል። እርስዎም ይቆያሉ። ስለ ገመዱ ስነግራቸው «እሳቸውን እንዳታጧቸው» ብለውኛል።

(ሊቁ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ግሪስ ነበረበትና አፍንጫው ይጠቁራል። ዝግታ ያያል፤ አይነግረውም።)

ሊቁ፦ የወዲያኞቹስ? ምን ብለው መለሱላት?

ዝግታ፦ እነሱን ቀድመው ነው የጠየቋቸው። ፓምፑ ያስለዋል ብለዋል።

ሊቁ፦ እ።

ዝግታ፦ ማንሻውማ ባሰበት ብለዋል።

ሊቁ፦ እ።

ዝግታ፦ ሁለት ሰው ይጨመርልን ብለዋል። ቃል በቃል። እኔ ያስለዋል ስል ኃላፊዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይህ ሳል ተላላፊ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነቱን እንድነግራቸው የጠየቁኝም ከዚያ በኋላ ነው።

ሊቁ፦ (ይስላል) አቧራ ገባብኝ።

ዝግታ፦ የወዲያኛውን የማንሻ ነጂ ያውቋቸዋል?

ሊቁ፦ አብረን ነው ሙያውን የተማርነው።

ዝግታ፦ ያችን «ያስለዋል» የምትለዋን ከየት አመጧት ይሆን?

ሊቁ፦ ማንም ሊላት ይችላል። ቃል ናት።

ዝግታ፦ ጥሩ ቃል ናት። እኔ በራሴ ቢሆን ሆዱን ነበር ያልኩት።

ሊቁ፦ (ወደ መስኮቱ እያየ) ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ከቢሮ ጠየቁኝ፣ ምን ልበል አለኝ። ምክር ጠየቀኝ። ሰው ምክር ሲጠይቅህ ዝም ትላለህ?

ዝግታ፦ እርስዎ አይሉም።

ሊቁ፦ ሰውን መቀነስ ፈልገው መስሎኝ ነው። ለወዳጅነት ብዬ ነው።

ዝግታ፦ ታዲያ ምን ያስከፋዎታል? ይህን ማዕድን ያዳኑት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ያንን ምክር ለሳቸው ባይሰጡ ኖሮ እሳቸውም ደህና ነው ይሉ ነበር። የኛና የነሱ እኩል ይሆን ነበር።

ሊቁ፦ አትቀልድብኝ። ሰውየው ልጆች አሉት። አሁን የት ይወድቃል?

ዝግታ፦ የትም አይወድቁም። ሁለት ሰው ይጨመርልን ብዬ የለ? ኃላፊዋ እሺ አሉ። የወዲያኞቹ ሁለቱም ወደኛ ይዛወራሉ።

ሊቁ፦ (እፎይ ብሎ) እንግዲያው አልተጎዳም። ተመስገን። (ቆም ብሎ) ወደኛ?

ዝግታ፦ ወደኛ። አንደኛው ከእኔ ጋር ፓምፑን ይይዛሉ። ነጂው ደግሞ እርስዎን ያሳርፋሉ፤ ማንሻውን በፈረቃ ትነዳላችሁ። ቀደም ብለው የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ የሚቀጥለው ሰኞ ይደርሳሉ።

ሊቁ፦ ማዕድኑ ለምን እንደሚዘጋ ነግራዋለች?

ዝግታ፦ ነግረዋቸዋል። ቀድመው፣ «ሌላው ደህና ከሆነ የናንተው ይዘጋል፤ ታሟል ስላላችሁ ነው» ብለዋቸዋል። እሳቸውም «እንዲህ በል ያለኝ አንድ ወዳጄ ነው» አሉ። ኃላፊዋ እስከ ዛሬ ወዳጅየው ማን እንደሆነ አላወቁም ነበር።

ሊቁ፦ ዛሬ ግን አወቀች።

ዝግታ፦ ዛሬማ እኔ አጠገቤ ናቸው አልኳቸው።

(ሊቁ ዝግታን ትክ ብሎ ያየዋል።)

ሊቁ፦ አንተ። ሆን ብለህ ነው?

ዝግታ፦ የትኛውን?

(ዝግታ ሰሌዳውን አንሥቶ ቀለሙ መድረቁን በጣቱ ጫፍ ይሞክራል።)

ሊቁ፦ ሰውየው ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?

ዝግታ፦ አለ። እንደ ደረሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እርስዎን ነው። ስለ ምክሩ ሊያመሰግኑዎት ነው አሉ።

ሊቁ፦ ሊያመሰግነኝ።

ዝግታ፦ እኔም ልክ እንደዚሁ ነው የሰማሁት። ኃላፊዋ ግን ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

(ሊቁ ተነሥቶ ክፍሏን ይዞራል። ወንበሩን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ዝግታ ዘንድ ሄዶ ትከሻው ላይ እጁን ያሳርፋል።)

ሊቁ፦ ስማኝማ ወንድሜ። ታች ፓምፑ ጋ ረዳት አያስፈልግህም?

ዝግታ፦ ሰው መጣልኝ አልኩዎ እኮ።

ሊቁ፦ እሱ አዲስ ነው፤ ጉድጓዱን አያውቀውም። እኔ ላግዝህ። ማንሻውን እንግዳው ይንዳ፤ ይልመደው። እኔ ለተወሰኑ ሳምንታት ጠዋት እየወረድኩ ማታ እወጣለሁ። ታች ደግሞ ጸጥታ ነው። ሰው አይመጣም። ስልክ የለም።

ዝግታ፦ እኔማ ደስ ይለኛል። ብቻዬን ስሆን የማወራው ከፓምፑ ጋር ነው።

ሊቁ፦ ተስማማን።

ዝግታ፦ ተስማማን። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም።

ሊቁ፦ ምኑ ነው የማይገባህ? ግልጽ ነው እኮ። እኔ ታች፣ እሱ ላይ።

ዝግታ፦ እሱማ ገብቶኛል። እርስዎ ካቢኑ ውስጥ ቆመዋል፤ እሳቸው እዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ማንሻውን ይዘዋል።

(ሊቁ አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሮ በጥቅልሉ ላይ ያለውን የብረት ገመድ ያየዋል።)

ዝግታ፦ ማውረዱንስ በደስታ ነው የሚያወርዱዎት። እኔ ያልገባኝ ማውጣቱ ነው።